የምሥራቅ ቨርጂኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን ቨርጂኒያ ስኖር ፖስታ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ደብዳቤ ማንበብ ልማዴ ሆኗል። ሎየር አይደለሁም። ግን ከአሌክሳንድሪያው ፌዴራል ፍርድ ቤት የመጣ ወረቀት ሲከፈት የሰው ፊት እንዴት እንደሚቀየር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንዳንዱ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ፍርድ ቤት በትክክል ምንድን ነው?

የፌዴራል መንግሥቱ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ክስ የሚከፈተው፣ ምስክር የሚሰማው፣ ጁሪ (ፍርድ ለመስጠት ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች) የሚቀመጠው እዚህ ነው። በመላው አሜሪካ 94 እንዲህ ያሉ ፍርድ ቤቶች አሉ፤ ዲስትሪክት ኮርት ይባላሉ። ቨርጂኒያ ሁለት አላት፦ የምሥራቁና የምዕራቡ። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ፌርፋክስ፣ ላውደን ወይም ፕሪንስ ዊልያም የምትኖሩ ከሆነ የምሥራቁ ሥር ናችሁ። የምሥራቁ በአራት ከተሞች ያስችላል፦ በአሌክሳንድሪያ፣ በሪችመንድ፣ በኖርፎክ እና በኒውፖርት ኒውስ።

አገር ቤት ክልል ውስጥ የፌዴራል ጉዳይ ሲነሳ የክልሉ ፍርድ ቤት በውክልና እንደሚያይ ታስታውሱ ይሆናል። እዚህ አሠራሩ ሌላ ነው። ፌዴራሉ በየስቴቱ የራሱን ፍርድ ቤት፣ የራሱን ዳኛና የራሱን ሕንፃ ተክሏል። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት የፍርድ ቤት ሥርዓት ጎን ለጎን ይሠራል ማለት ነው። አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

«ዲስትሪክት ኮርት» የሚል ወረቀት መጣልኝ። የትኛው ነው?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የተጎዳው በእሱ ነው። ቨርጂኒያ የራሷ የስቴት ፍርድ ቤት አላት፤ ስሙም ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ነው። የፌዴራሉ ደግሞ ዩናይትድ ስቴትስ ዲስትሪክት ኮርት። ሁለቱም አሌክሳንድሪያ ውስጥ አሉ። የስቴቱ ኪንግ ስትሪት ላይ ነው፤ የፌዴራሉ ኮርትሃውስ ስኩዌር ላይ።

አንድ የማውቃቸው አባት፣ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ የነዱ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ላይ በፍጥነት ተያዙ። ትኬቱን እንደ ማንኛውም ትኬት ቆጥረው ቀጠሮው ቀን ኪንግ ስትሪት ሄዱ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን ብትፈልግ ብትፈልግ ስማቸው የለም። «ስሜ ከሌለማ ተሰርዞልኛል» ብለው ተመስገን እያሉ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በዚያው ሰዓት ፌዴራሉ ችሎት ላይ ስማቸው እየተጠራ ነበር። ወረቀቱን ይዘው ሲመጡ ጣቴን አናቱ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። «ዩናይትድ ስቴትስ ዲስትሪክት ኮርት» ይላል። ዝም ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

ስለዚህ ከምንም በፊት የወረቀቱን አናት አንብቡ። «ዩናይትድ ስቴትስ» የሚለው ካለበት ፌዴራል ነው።

የትራፊክ ትኬት እንዴት ፌዴራል ይሆናል?

መንገዱ የማን ነው የሚለው ይወስነዋል። ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ የብሔራዊ ፓርክ መሬት ነው። ፔንታጎን፣ ፎርት ቤልቮር እና ሌሎችም የፌዴራል ይዞታዎች እንዲሁ። እዚያ የፓርክ ፖሊስ ወይም የግቢው ፖሊስ ሲቀጣችሁ ጉዳዩ አሌክሳንድሪያ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ አነስተኛ ጉዳዮችን የሚያይ ማጅስትሬት የሚባል ዳኛ ፊት ይቀርባል። ሾፌር የሆናችሁ፣ በተለይ ኤርፖርት የምትመላለሱ፣ ይህን መንገድ በየቀኑ ትነዱበታላችሁና ልብ በሉ።

ትኬቱ ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ። አንደኛው ምልክት ከተደረገበት የግድ መቅረብ አለባችሁ። ሁለተኛው ከሆነ ወይ የተጻፈውን ገንዘብ ከፍላችሁ ትጨርሳላችሁ፣ ወይ ቀርባችሁ ትከራከራላችሁ። ጠጥቶ ማሽከርከር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ፓርክዌዩ ላይ እስከ 6 ወር ሊያሳስር ይችላል። ለዚያ ሎየር ያዙ፤ ኢሚግሬሽን ላይም ጣጣ ሊያመጣ ስለሚችል ሁለቱንም የሚያውቅ ይሁን።

ፍርድ ቤቱ መቼ ተቋቋመ?

የአገሪቱን ያህል የቆየ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኮንግረስ የመጀመሪያውን የፍርድ ቤቶች ሕግ መስከረም 24 ቀን 1789 ሲያወጣ ቨርጂኒያ አንድ ዲስትሪክት ሆነች። የመጀመሪያውን ዳኛ ሳይረስ ግሪፊንን የሾማቸው ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ግሪፊን ከሕገ መንግሥቱ በፊት የነበረው ኮንግረስ የመጨረሻው ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ከዚያ በኋላ መከፋፈልና መገጣጠም ነው። በ1801 ተከፈለ፤ በዓመቱ ሕጉ ተሻረና ተመልሶ አንድ ሆነ። በ1819 ምሥራቅና ምዕራብ ተባለ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዌስት ቨርጂኒያ ተገንጥላ ስትወጣ የቀረው በ1864 እንደገና አንድ ሆነ። የዛሬው ምሥራቅና ምዕራብ የተሠመረው የካቲት 3 ቀን 1871 ነው።

በታሪኩ የሚታወቀው በምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚያነሳው የሰላይና የሽብር ክሶችን ነው። ፔንታጎንና ሲአይኤ ሁለቱም በዚህ ፍርድ ቤት ግዛት ውስጥ ስለሆኑ ለሶቪየት ኅብረት የሰለለው የሲአይኤው ሠራተኛ አልድሪች ኤምስ በ1994 ጥፋቱን ያመነው እዚህ ነው። ከመስከረም 11 ጥቃት ጋር በተያያዘ የተከሰሰው ዛካሪያስ ሙሳዊ በ2006 ዕድሜ ልክ የተፈረደበትም እዚሁ አሌክሳንድሪያ ነው።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው የፋርምቪል ታሪክ ነው። ፋርምቪል ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ1951 የጥቁሮቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመጥበቡ የተነሳ ልጆቹ ሬንጅ በተቀባ ወረቀት በተሸፈኑ ዳሶች ውስጥ ይማሩ ነበር። የ16 ዓመቷ ባርባራ ጆንስ ተማሪውን አስነስታ አድማ አስመታች። ስፖትስውድ ሮቢንሰን እና ኦሊቨር ሂል የተባሉ ጥቁር ጠበቆች ጉዳዩን ይዘው ወደዚህ ፌዴራል ፍርድ ቤት መጡ። በ1952 ሦስት ዳኞች ሰሙት። ሦስቱም በአንድ ድምፅ ለካውንቲው ፈረዱ። የፍርዱን ሐተታ የጻፉት ዳኛ አልበርት ብራያን ነበሩ።

ጠበቆቹ ተሸንፈው አልቀሩም። ጉዳዩ ከሌሎች አራት ጋር ተጣምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ግንቦት 17 ቀን 1954 ትምህርት ቤትን በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተብሎ ተፈረደ። ብራውን ተብሎ የሚታወቀው ፍርድ ይህ ነው። ካውንቲው ግን ከጥቁር ልጆች ጋር ከመማር ትምህርት ቤቶቹን መዝጋት መርጦ ከ1959 እስከ 1964 ድረስ ዘጋቸው። አምስት ዓመት! እነዚያ ልጆች ያጡትን ማን ይመልስላቸዋል?

ዛሬ አሌክሳንድሪያ ያለው ሕንፃ የዳኛ ብራያንን ስም ይዟል። በ2008 የተከፈተው የሪችመንዱ ሕንፃ ደግሞ የሁለት ሰዎችን ስም ይዟል፤ አንዱ ስፖትስውድ ሮቢንሰን ናቸው። የፈረደው ዳኛና የተረታው ጠበቃ ሁለቱም በዚሁ ፍርድ ቤት ሕንፃዎች ላይ ስማቸው ተጽፏል። ለዳኛ ብራያንም ፍርድ መስጠት ይገባል፤ ከ1954 በኋላ አርሊንግተን ትምህርት ቤቶቿን ለጥቁር ልጆች እንድትከፍት ያዘዙት እሳቸው ናቸው። የካቲት 2 ቀን 1959 አራት ጥቁር ልጆች አርሊንግተን ውስጥ ስትራትፎርድ የተባለው ትምህርት ቤት ገቡ። ዛሬ ልጆቻችን አርሊንግተን ውስጥ ከማንም ጋር ተቀምጠው የሚማሩት ያ በር ስለተከፈተ ነው።

የትኞቹን ጉዳዮች ማየት ይችላል?

የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣኑ የተወሰነ ነው። ሕግ ካልሰጠው ጉዳዩ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን መዝገቡን ይዘጋዋል። ዋናዎቹ በሮች እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው የፌዴራል ሕግ ጥያቄ ነው። በዘር ወይም በሃይማኖት ምክንያት ከሥራ መባረር፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ መከልከል፣ ፖሊስ መብት ሲጥስ፣ የንግድ ምልክት ክርክር። ሁለተኛው ተከራካሪዎቹ የተለያየ ስቴት ነዋሪ ሲሆኑና ክርክሩ ከ75 ሺህ ዶላር በላይ ሲሆን ነው። ለምሳሌ እናንተ ፌርፋክስ ትኖራላችሁ፣ የገጫችሁ ሰው ሜሪላንድ ይኖራል፣ ጉዳቱ ከባድ ነው። ሁለታችሁም ቨርጂኒያ ከሆናችሁ ግን ይህ በር ዝግ ነው። ሦስተኛው መንግሥት ራሱ ከሳሽ ወይም ተከሳሽ ሲሆን ነው። የፌዴራል ወንጀል ሁሉ እዚህ ይታያል። ባንክራፕሲም (ዕዳ መክፈል ያቃተው የሚያቀርበው የኪሳራ አቤቱታ) የፌዴራል ነው፤ የዚሁ ፍርድ ቤት ክፍል የሆነው የባንክራፕሲ ኮርት አሌክሳንድሪያ ሳውዝ ዋሽንግተን ስትሪት ላይ ለብቻው ሕንፃ አለው።

ፍቺ፣ የልጅ ቀለብ፣ ውርስ፣ ከቤት አከራይ ጋር ጭቅጭቅ፣ የዕቁብ ገንዘብ ክርክር የስቴት ፍርድ ቤት ጉዳዮች ናቸው። እዚህ ይዛችሁ ብትመጡ የመዝገብ መክፈቻውን 405 ዶላር ከስራችሁ መመለስ ነው።

ውጭ አገር የተፈጸመ በደል እዚህ ሊታይ ይችላል?

አንዳንዴ አዎ። ይህን በተለይ ዓረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

አንዲት ኢትዮጵያዊት የመን ሰንዓ ውስጥ የአሜሪካ ኤምባሲ ሠራተኛ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ በደረሰባት የግዳጅ ሥራና የወሲብ ጥቃት አሠሪዋን አሌክሳንድሪያ ላይ ከሰሰች። ስሟን ፍርድ ቤቱ ደበቀላት፤ መዝገቡ ላይ ያለችው ሳራ ሮ በሚል የተሰጠ ስም ነው። አሠሪዋ «ነገሩ የተፈጸመው የመን ነው፣ እዚህ አያገባችሁም» ብላ ተከራከረች። ግን ሕጉ ለኤምባሲ ሠራተኞች የተሰጠ መኖሪያንም የአሜሪካ ሥልጣን የሚደርስበት ቦታ አድርጎ ይቆጥረዋል። በ2017 ጁሪ 3 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላት። በ2019 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን አጸናው። ከእሷ በፊት በ2012 ሌላ ኢትዮጵያዊት በተመሳሳይ ጉዳይ እዚሁ ረታለች።

ስሟን ማንም ሳያውቅ፣ ከቤት ሠራተኝነት ተነስታ፣ ጁሪ ፊት ቆማ የደረሰባትን የተናገረችን ሴት አስቡ። እኔ ይህን መዝገብ ባሰብኩ ቁጥር ይህ ሕንፃ ሌላ ሆኖ ይታየኛል።

የጎረቤቶቻችን የሶማሌዎቹም ጉዳይ አለ። የሲያድ ባሬ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መሐመድ አሊ ሳማንታር ፌርፋክስ ይኖሩ ነበር። በ2004 በዘመናቸው የተሠቃዩ ሰዎች እዚህ ከሰሷቸው። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተመለሰ። በ2012 ዳኛ ሊዮኒ ብሪንኬማ 21 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱባቸው።

የቀይ ሽብር ጉዳይም እዚሁ ችሎት ደርሷል። አናንዴል የሚኖር አንድ ሰው በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ እስረኛ ይመረምርና ይደበድብ እንደነበር ሸሽጎ ዜግነት ወስዶ ነበር። በ2019 የ37 ወር እስር ተፈረደበት። እዚህ ላይ ሥልጣን የሚለውን ቃል በደንብ ማየት ይቻላል። ፍርድ ቤቱ አዲስ አበባ በተፈጸመው ድብደባ ላይ ሥልጣን አልነበረውም። ቨርጂኒያ ውስጥ በተጻፈው ውሸት ላይ ግን ነበረው። ልጆቻቸውን ላጡ እናቶች ይህ በቂ ነው አልልም።

የኢሚግሬሽን ጉዳዬን ያያል?

የአሳይለምና የዲፖርቴሽን ጉዳይ የሚታየው ኢሚግሬሽን ኮርት ነው። ያ የፍትሕ ሚኒስቴር ክፍል ነው፤ ከዚህ ፍርድ ቤት ጋር አንድ አይደለም። ሆኖም ሦስት ነገሮች ወደዚህ ያመጣሉ።

አንደኛ፣ የዜግነት ኢንተርቪው አድርጋችሁ 120 ቀን ካለፈና መልስ ካልመጣ፣ እዚህ አቤት ማለት ትችላላችሁ። ዜግነት ተከልክላችሁ ቅሬታችሁም ከወደቀ ጉዳዩን ዳኛው ከመጀመሪያው አንስቶ እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ የታሰረ ሰው ካለ። አገር ቤት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የምንለው እዚህም አለ፤ የሚቀርበውም ሰውየው በታሰረበት ቦታ ላይ ሥልጣን ላለው ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከታወቁት የኢሚግሬሽን ማቆያዎች አንዱ ፋርምቪል ነው። አዎ፣ ያቺው የባርባራ ጆንስ ከተማ። እዚያ የታሰረ ሰው አቤቱታው የሚመጣው ወደዚሁ ፍርድ ቤት ነው።

ሦስተኛው ስም ነው። እንደ አገራችን ልማድ ልጁ የአባቱን ስም ይይዛል፣ አባት የአያቱን፤ ትምህርት ቤትና ኤርፖርት ላይ «ልጅህ ከሆነ ለምን ላስት ኔማችሁ ተለያየ» እየተባለ ስንጠየቅ እንኖራለን። ዜግነት ስትወስዱ ስም መቀየር ከፈለጋችሁ ማመልከቻው ላይ መግለጽ ትችላላችሁ፤ ለውጡን የሚያጸድቀው ግን ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ መሐላችሁ ዳኛ ፊት ይሆናል፤ ቀጠሮው ትንሽ ሊዘገይ ይችላል።

«ሮኬት ዶኬት» ሲሉ እሰማለሁ። ምን ማለት ነው?

ፍጥነቱ ነው። በ1970ዎቹ ዳኛ አልበርት ብራያን ጁኒየር፣ የቀደሙት ዳኛ ልጅ፣ ቀጠሮ ማራዘም የሚባለውን ነገር ጠበቅ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ይህ ፍርድ ቤት በአገሪቱ ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ነው። የአሌክሳንድሪያው ሕንፃ ላይ ዓይኗ የተሸፈነ የፍትሕ ምስል አለች፤ «የዘገየ ፍትሕ እንደተነፈገ ይቆጠራል» የሚለውም እንግሊዝኛው ተጽፏል።

ለእናንተ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ጊዜ የላችሁም። የክስ መጥሪያ ከደረሳችሁ በ21 ቀን መልስ መስጠት አለባችሁ። ካለፈ ሌላው ወገን በሌላችሁበት ሊያስፈርድባችሁ ይችላል። «ይደርሳል፣ ከፋሲካ በኋላ አየዋለሁ» አይሠራም። የሎየር ፍለጋው በዚያው ሳምንት ይጀመር።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። አስተርጓሚ ይሰጡኛል?

መንግሥት የጀመረው ጉዳይ ከሆነ፣ በተለይ ወንጀል ከሆነ፣ አዎ፤ ወጪውን መንግሥት ይችላል። ይህ በ1978 በወጣ ሕግ የተረጋገጠ ነው። በግለሰቦች መካከል ያለ የፍትሐ ብሔር ክርክር ላይ ግን ባብዛኛው አስተርጓሚ ይዞ መምጣት የራሳችሁ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ ለማድረግ አታስቡ። የአባቱን ጥፋት በአፉ የሚተረጉም የ15 ዓመት ልጅ ሸክሙን ይዞት ነው የሚያድገው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ያልገባችሁን «ያ፣ ያ» ብላችሁ አታሳልፉ። ዳኛው ፊት «አልገባኝም» ማለት ነውር አይደለም። መዝገብ ላይ የሚገባው የተናገራችሁት ነው።

ጁሪ ሆኜ እንድቀርብ ደብዳቤ መጣልኝ። የግድ ነው?

ዜጋ ከሆናችሁ የግድ ነው። ዜጋ ካልሆናችሁ መጠይቁ ላይ እውነቱን ሞልታችሁ መልሱ፤ ዝም አትበሉ። እንግሊዝኛችሁ በደንብ ካልደረሰም ያንኑ ጻፉ። በቀን 50 ዶላር ይከፈላል።

ስልክ ደውሎ «ጁሪ ቀርተሃል፣ አሁኑኑ በጊፍት ካርድ ክፈል፣ አለዚያ ፖሊስ ይመጣል» የሚል ሰው ሌባ ነው። ፍርድ ቤት በስልክ ገንዘብ አይጠይቅም። ይህ ወጥመድ እናቶቻችንን ብዙ ጎድቷል፤ ንገሯቸው።

ፍርዱ ካልተስማማኝስ?

ይግባኙ ሪችመንድ ወዳለው፣ አራተኛው ሰርኪት ወደሚባለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በፍትሐ ብሔር 30 ቀን፣ መንግሥት ተከራካሪ ካለበት 60 ቀን፣ በወንጀል 14 ቀን ብቻ አላችሁ። ከዚያ በላይ ያለው ዋሽንግተን የሚገኘው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ እሱ ግን ከሚቀርብለት የሚቀበለው እጅግ ጥቂቱን ነው። እንደ አገር ቤት «ሰበር አቀርባለሁ» ብሎ ተስፋ ማድረግ አያዋጣም።

በቀጠሮዬ ቀን ምን ይዤ ልሂድ?

መታወቂያና የመጣላችሁን ወረቀት ሁሉ። ስልክ ግን ይዛችሁ መግባት አትችሉም፤ ስማርት ሰዓትም እንዲሁ። መኪና ውስጥ ወይም ቤት ተዉት። ስልክ ከሌለ አድራሻ ማየትም፣ ልጅ ጋር መደወልም የለምና የሎየራችሁን ስልክ ቁጥርና የችሎቱን ቁጥር በወረቀት ጻፉ። ፍተሻው ሰልፍ ሊኖረው ስለሚችል 45 ደቂቃ ቀደም በሉ። ዳኛው ሲገቡ ሁሉም ይነሳል፤ እናንተም ተነሱ። ስማችሁ ሲጠራ አጠራሩ የተበላሸ ሊሆን ይችላል፤ ጆሯችሁን አቁሙ።